መስማት የተሳናቸው ሰዎች በጤና ጥናት ውስጥ ስለሚኖራቸው ቦታ፦ የምላሽ ጽሑፍ

በቅርቡ አንድ በሕዝብ ጤና ሙያ የሚሠሩ ጸሐፊ፣ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ የሆኑ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች የሚመለከቱ የጤና ጥናቶች ማኅበረሰቡን በማሳተፍ ስም ከሳይንስ መንገድ እየወጡ ነው የሚል ጽሑፍ በአማርኛ አቅርበዋል። መከራከሪያቸው በአጭሩ የሚከተለው ነው። የሚጠናው ማኅበረሰብ ራሱ አጥኚ ከሆነ ውጤቱ ያዳላል፤ ስለ ጥናት ስልት ያልተማሩ ሰዎችም ስለ ስልቱ የሚሰጡት አስተያየት ፋይዳ የለውም። ማንበብ ለሚችል ሰው የጽሑፍ መጠይቅ ይበቃዋል፤ ለማይችለው ደግሞ አስተርጓሚ አለለት። ማኅበረሰቡ ጠባብ በመሆኑ አባላቱን በጥናቱ ማሠማራት የተጠያቂዎችን ምስጢር ያጋልጣል። በአብነት የሚጠቀሰው የሮቸስተር ጥናት የያዘው 339 ሰዎችን ብቻ ስለሆነ ለድምዳሜ አይበቃም። በመጨረሻም ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው፤ መስማት አለመቻልን መከላከል ይቀድማል። ጽሑፉ በጨዋ አንደበት የቀረበና ቢያንስ በሁለት ቦታ ትክክለኛ ችግር የነካ ስለሆነ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ ሊሰጠው ይገባል ብዬ አምናለሁ። እኔም በዚያው ሙያ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያሳደገችኝም መስማት የተሳናት እናት ናት። ይህ ሁለተኛው ነገር ለክርክሩ አግባብ የሚኖረው በአንድ ነጥብ ላይ ስለሆነ፣ ከቦታው ስደርስ እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ግን ክርክሩ የሚዞርበትን ጥናት አንባቢ በቅጡ እንዲያውቀው ይሁን። ሮቸስተር በኒው ዮርክ ግዛት ምዕራባዊ ክፍል የምትገኝ ከተማ ናት። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተከፈተው ትምህርት ቤቷ ከ1876 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ሲያስተምር የቆየ ሲሆን፣ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት የሚከታተሉበት ብሔራዊ የቴክኒክ ተቋም ደግሞ በ1968 ተማሪዎችን መቀበል ጀመረ። በዚህ የተነሣ ከነዋሪዎቿ ብዛት አንጻር ሲታይ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎች በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ ከተሞች አንዷ ሆናለች። በ2004 የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ባገኘው ድጋፍ የመስማት የተሳናቸውን ሰዎች ጤና የሚያጠና ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የአሜሪካን ሕዝብ የጤና ልማዶች የሚከታተለው ታላቁ የዳሰሳ ጥናት ሰዎችን የሚያነጋግረው በስልክ ስለነበር፣ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ከቆጠራው ወጥቶ ነበር። ማዕከሉ ከማኅበረሰቡ የተውጣጣ የጤና ኮሚቴ ከጎኑ አድርጎ፣ መስማት የተሳናቸው ባለሙያዎችንም በሥራው አሠማርቶ፣ በ2008 በአሜሪካ ምልክት ቋንቋ በቪዲዮ የተቀረጸ መጠይቅ በንክኪ ስክሪን ኮምፒውተር አማካይነት አቀረበ። ውጤቱ በ2011 ታተመ።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ የማዳላት ጉዳይ ነው፤ በተጠኚውና በአጥኚው መካከል ርቀት ከሌለ እውነት አይገኝም ይላሉ። የሮቸስተሩ ጥናት ያገኘውን እንመልከት። ከተሳታፊዎቹ 34.2 በመቶ የሚሆኑት ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበራቸው፤ በዚያው አካባቢ ቀደም ሲል በስልክ ከተጠየቀው አጠቃላይ ሕዝብ ግን 26.6 በመቶው ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 2.2 በመቶ ሲሆኑ በአጠቃላይ ሕዝብ 0.4 በመቶ ነበሩ። በሕይወት ዘመናቸው አካላዊ ጥቃት የደረሰባቸው 21 በመቶ፣ በንጽጽሩ 13.9 በመቶ፤ ተገደው የግብረ ሥጋ ግንኙነት የተፈጸመባቸው 13.9 በመቶ፣ በንጽጽሩ 5.8 በመቶ። ሲጋራ የሚያጨሱት ግን ከአጠቃላዩ ሕዝብ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ማኅበረሰቡ በጥናቱ ውስጥ መግባቱ ውጤቱን ወደ ራሱ የሚያጋድል ቢሆን ኖሮ፣ በገዛ ቤቱ የሚፈጸመው ጥቃት በስሙ ታትሞ እንዲወጣ ይተባበር ነበርን? ወይም በተቃራኒው እርዳታ ለማግኘት ሲል ችግሩን ያጋንናል ከተባለ፣ የማጨሱ ቁጥር ዝቅ ብሎ የወጣው ለምንድን ነው? ቁጥሮቹ የሚያሳዩት በአንዱ ጎን የከበደ፣ በሌላው ጎን የቀለለ እውነተኛ የሕዝብ መልክ ነው፤ ያዳላ ጥናት እንዲህ ያለ መልክ አይኖረውም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን ያደባለቁ ይመስለኛል። ማኅበረሰቡ የሚሳተፈው ምን ይጠየቅ፣ በምን ቋንቋና በምን አኳኋን ይጠየቅ፣ ሰዎች እንዴት ይጋበዙ፣ የተገኘውስ ምን ማለት ነው በሚሉት ጉዳዮች ላይ ነው። ስሌቱ የሚሠራው በስሌት ሕግ ነው፤ ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ የሚለውጠው ቁጥር የለም።

ርቀትን በሚመለከት ደግሞ ታሪክ ብዙ የሚለው አለው። በ1880 በሚላን ከተማ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ትምህርት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። ከ164ቱ ተወካዮች መካከል መስማት የተሳነው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉባኤው የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣና ልጆቹ በንግግር ብቻ እንዲማሩ ወሰነ፤ ውሳኔው የዚያን ዘመን የብዙ ሊቃውንት ድጋፍ ስለነበረው በብዙ አገሮች ትውልድ እስከ ትውልድ ልጆችን ያለ ቋንቋ አስቀረ። ያው ጉባኤ ስለ ውሳኔው ጸጸቱን የገለጸው በ2010 በቫንኩቨር ሲሰበሰብ ነው፤ 130 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው። ከሚላን ሦስት ዓመት በኋላ የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው መጋባታቸው አደገኛ ነው ሲል አስጠነቀቀ። በ1933 በጀርመን የወጣው የማምከን ሕግ ደግሞ በዘር የሚተላለፍ የመስማት ችግርን በዝርዝሩ ውስጥ አስገባ። አንዱ ሌላውን ወለደ እያልኩ አይደለም። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ግን ጸሐፊው የሚመኙት ርቀት ሙሉ በሙሉ የተጠበቀላቸው መሆናቸው ነው፤ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲወሰን እነዚያ ሰዎች በክፍሉ ውስጥ አልነበሩም፣ የነበረውም አንድ ሰው ድምፁ ሚዛን አልደፋም።

ከዚሁ ጋር ተያይዞ የተነሣው፣ ያልተማሩ ሰዎች ስለ ጥናት ስልት ምን ሊሉ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ፣ እኔን እንደ አማርኛ ተናጋሪ ያሳስበኛል። በቋንቋችን መስማት ለተሳነው ሰው ለዘመናት የዋለው ቃል ላልተማረና ለማይገባው ሰውም የሚውለው ያው ቃል ነው፤ ዕውቀት ማጣትን ራሱን ድንቁርና የምንለው ከዚያው ሥር አውጥተን ነው። «የደንቆሮ ለቅሶ መልሶ መላልሶ» እያልን ስንተርት የምንስቀው መስማት ባልቻለ ሰው ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ቃል አልተጠቀሙም፤ በጽሑፋቸው ሁሉ መስማት የተሳናቸው እያሉ መጻፋቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን አለመስማትን ከአለማወቅ ጋር ያሰረው አስተሳሰብ ቃሉ ሲቀየር አብሮ እንዳልለቀቀን ይታየኛል። ማንም ሰው የቡና ገበሬዎችን ጤና ሲያጠና ስለ እርሻው ወራት ገበሬዎቹን ቢጠይቅ፣ ስልት ያልተማሩ ሰዎች በሳይንስ ጣልቃ ገቡ አይባልም። መስማት የተሳነው ሰው ስለ ምልክት ቋንቋ ያለው ዕውቀትም እንደዚያው የመስኩ ዕውቀት ነው፤ ያለ እርሱ መለኪያው አይሠራም። ከዚህም በላይ፣ በሕክምናና በምርምር ሙያ የሠለጠኑ መስማት የተሳናቸው ሐኪሞችና ተመራማሪዎች መኖራቸውን ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣም፤ በሮቸስተር የሠሩት ማይክል ማኪ መስማት የተሳናቸው ሐኪም ናቸው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማንበብ የሚችል ሰው የጽሑፍ መጠይቅ ይበቃዋል የሚለው ሐሳብ ላይ ላዩን ሲያዩት ምክንያታዊ ስለሚመስል ረዘም አድርጌ ልመልስበት።

የሚሰማ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አማርኛን አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚቀረው የሚያውቀውን ቋንቋ በፊደል ማየት ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ግን በአብዛኛው የተወለደው ከሚሰሙ ወላጆች ነው፤ በአሜሪካ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ ሰምቶት የማያውቀውን ቋንቋ በፊደሉ በኩል ብቻ እንዲማር ይገደዳል። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃን የሚያጠናቅቁ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ንባብ መካከለኛ ደረጃ የ4ኛ ክፍል አካባቢ መሆኑ ተደጋግሞ ተጽፏል። ይህ የሁለተኛ ቋንቋ ንባብ መለኪያ እንጂ የአእምሮ መለኪያ አይደለም። በእኛም አገር ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። የአማርኛ የጣት ፊደል ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል፤ እጅግ የሚያምር ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የጣት ፊደል አማርኛን በእጅ መጻፍ ነው። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ የቃላት ቅደም ተከተል፣ በፊትና በአካል የሚገለጽ የራሱ የትርጉም ሥርዓት ያለው ሌላ ቋንቋ ነው። የምልክት ቋንቋዎች የራሳቸው መዋቅር እንዳላቸው የቋንቋ ምሁሩ ዊልያም ስቶኪ በ1960 ለአሜሪካው ምልክት ቋንቋ ካሳየ ወዲህ በሥነ ልሳን ሊቃውንት ዘንድ ይህ አከራካሪ አይደለም።

አሁን አንድ የታወቀ ጥያቄ እንውሰድ፤ ሐኪም ወይም ሌላ የጤና ባለሙያ የደም ግፊት እንዳለብዎ ነግሮዎት ያውቃል? በዓለም ላይ ያሉ የጤና ዳሰሳዎች ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ብዛት የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ነው። ለሚሰማ ሰው ጥያቄው ቀላል ነው። መስማት ለተሳናት ሴት ግን ሐኪሙ የነገረው ለእህቷ ነው፤ እህቷም «ጨው ቀንሺ ብሏል» ብላ ብቻ አሳጥራዋለች። ወይም በወረቀት ጽፎ ሰጥቷታል፤ ወረቀቱ በመሳቢያ ውስጥ ነው። ለጥያቄው በቅንነት የምትሰጠው መልስ «አያውቅም» የሚል ይሆናል፤ መጠይቁም ከጤነኞች ጋር ይደምራታል። በ2015 በታተመ የብሪታንያ ጥናት ተመራማሪዎቹ 298 የብሪታንያ ምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎችን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን ግፊታቸውን ለክተው ነበር። ከፍ ያለ ግፊት የተገኘው በ37 በመቶው ላይ ሲሆን በአጠቃላይ ሕዝብ 21 በመቶ ነው፤ ግፊታቸው ከፍ ማለቱን ሳያውቁ የተገኙት 29 በመቶ ሲሆኑ በአጠቃላይ ሕዝብ 6 በመቶ ናቸው። በወረቀት ብቻ ተጠይቆ ቢሆን ይህ ልዩነት ተሸፍኖ ይቀር ነበር። ጸሐፊው የሚጠይቁት የመለኪያ ጥራት ከሆነ፣ ጥራቱ የሚጓደለው በትክክል እዚህ ላይ ነው።

የጥያቄውን ትርጉም ወደ ምልክት ቋንቋ ማምጣትም ዝም ብሎ ቃል በቃል የሚፈጸም ሥራ አይደለም። በብዙ የምልክት ቋንቋዎች እንደ ፍራፍሬ ወይም የሥራ መሣሪያ ያለ ጥቅል ስም የሚገለጸው ሁለት ሦስት ምሳሌዎችን ደርድሮ «የመሳሰለው» በማለት ነው። እንግዲህ ጠያቂው ሙዝና ብርቱካን ብሎ ካቆመ፣ ፓፓያ የሚበላው ሰው አይቆጠርም። ከዚህ የሚብሰው አካላዊ ጥቃትን የሚመለከተው ጥያቄ ነው። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ድርጊቱን በእጅ ስለሚያሳይ፣ በቪዲዮው ላይ ያለው ሰው በቡጢ መምታትን ቢያሳይ፣ በጥፊ የተመታችው ወይም ከደረጃ የተገፈተረችው ሴት በቅንነት «በእኔ ላይ አልደረሰም» ትላለች። የትኛው አገላለጽ ሁሉንም እንደሚይዝ፣ የትኛው ደግሞ ተመልካችን እንደሚያስደነግጥና ስክሪኑን ትቶ እንዲነሣ እንደሚያደርግ የሚያውቁት በቋንቋው የኖሩት ናቸው። በሮቸስተር ትርጉሙ ተሠርቶ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ፣ ከዚያም ጥያቄው ምን ማለት እንደመሰላቸው ተጠቃሚዎችን አንድ በአንድ በመጠየቅ ተፈትኗል፤ መላሾችም በስክሪኑ ላይ የሚጠይቃቸውን ሰው ከቀረቡላቸው መካከል መምረጥ ይችሉ ነበር። በእንግሊዝ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የድብርት መጠይቅን ወደ ብሪታንያ ምልክት ቋንቋ ሲያመጡ ተመሳሳይ ጥንቃቄ አድርገዋል። ማኅበረሰቡን ማሳተፍ ማለት በዋናነት ይህ ሥራ ነው፤ ከመለኪያው ውጪ የተጨመረ ጌጥ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

አስተርጓሚ አለ ለሚለው፣ የራሴን ልናገር ያልኩት እዚህ ላይ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ ከአንድ ሐኪም ዘንድ አብሬያት ገባሁ፤ ሌላ የሚያስተረጉምላት አልነበረም። ከወር አበባ ጊዜዋ ውጪ ደም ይፈሳት ነበር። እርሷ በምልክት በግልጽ ነገረችኝ፤ እኔ ግን በአማርኛ የምለው ቃል አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም ደፍሬ አልለውም ነበር። ሐኪሙ ምን ሆነች ሲለኝ «ሆዷን ያማታል» አልኩ። የሆድ መድኃኒት ተሰጣት። ትክክለኛ ምርመራ ያገኘችው ወራት ካለፉ በኋላ፣ አክስቴ ስትመጣ ነው። ያ ሐኪም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰማውን አከመ። በአንድ የሕክምና መዝገብ ውስጥ ግን የእናቴ ሕመም እኔ ባልኩት ስም ተመዝግቦ ቀርቷል፤ ማንም በኋላ መዝገቡን ቢያጠናው የሚያገኘው ያንን ነው።

ጸሐፊው ልጅ ሳይሆን የሠለጠነ አስተርጓሚ ማለቴ ነው ሊሉ ይችላሉ። የሠለጠነ አስተርጓሚ በሕክምና ቀጠሮ ላይ የግድ ያስፈልጋል፤ በዚህ አንለያይም። ለዳሰሳ ጥናት ግን የጸሐፊው የራሳቸው መስፈርት ይጥለዋል። መጠይቅ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቃል መጠየቁን ያስገድዳል። አስተርጓሚ ቆሞ በየሰዉ ፊት ጥያቄውን በዚያች ቅጽበት ሲተረጉመው፣ 300 ሰዎች ከተጠየቁ 300 መጠይቆች ተዘጋጁ ማለት ነው። አንድ ጊዜ ተቀርጾ ለሁሉም የሚታይ ቪዲዮ ግን ለሁሉም ያው ነው። በዚህም ላይ በአንድ ከተማ ያሉት አስተርጓሚዎች ጥቂት ናቸው፤ ለአንዲት መስማት የተሳናት ሴት በሰርጓም፣ በፍርድ ቤትም፣ በቤተ ክርስቲያንም የሚያስተረጉምላት ያው ሰው ነው። ባልሽ መትቶሽ ያውቃል የሚለውን ጥያቄ በእርሱ በኩል እንድትመልስ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

ይህም ጸሐፊው ትክክለኛ ችግር ወደ ነኩበት ወደ ምስጢር ጉዳይ ያደርሰናል። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበረሰብ ጠባብ ነው፤ ብዙዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ በአንድ ማኅበር የሚሰበሰቡ፣ እርስ በርስ የተጋቡ ናቸው። ዕድሜ፣ ፆታና የተማሩበት ትምህርት ቤት በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ከተቀመጡ ሰውየውን ለመለየት ስም አያስፈልግም። በወረቀት የተሰጠ መልስ ስሙን ቆርጦ መጣል ይቻላል፤ በምልክት ቋንቋ የተሰጠ መልስ ግን ራሱ የሰውየው ፊት ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የማልቀበለው መደምደሚያውን ነው። ችግሩ የሚኖረው የማኅበረሰቡ አባላት በኮሚቴ ኖሩም አልኖሩም ነው፤ እነርሱ ከሌሉ ግን ምስጢሩ የት የት እንደሚያፈስ የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አይኖርም። የሮቸስተሩ አሠራር ይህን የመለሰው ጥያቄውን በቪዲዮ፣ መልሱን ደግሞ ስክሪን በመንካት በማድረግ ነው፤ መላሹ ለብቻው ሆኖ ይመልሳል፣ ፊቱ አይቀረጽም፣ መልሱን የሚያይ አስተርጓሚ በመካከል የለም። በዚህ ላይ የኮሚቴ አባላት የግለሰቦችን መልስ እንዳያዩ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ያሉበት የሠንጠረዥ ሣጥንም እንዳይታተም ደንብ ማውጣት ይገባል፤ ማንኛውም ጥንቃቄ ያለው ጥናት የሚያደርገው ነው። የስምምነት ቅጹም ቢሆን በምልክት ቋንቋ መቅረብ አለበት፤ ያልተረዱትን ወረቀት አስፈርሞ ፈቃዳቸውን ሰጥተዋል ማለት ከምስጢር ማውጣት ያላነሰ በደል ነው።

ሁለተኛው ትክክለኛ ነጥባቸው የናሙናው ነው። 339ኙ ሰዎች በዕጣ የተመረጡ አልነበሩም፤ ሮቸስተርም ከላይ በገለጽኩት ምክንያት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ከሌላው አካባቢ የተሻለ ትምህርትና አገልግሎት የሚያገኙባት ከተማ ናት። ስለዚህ 34.2 በመቶን ወስዶ የአሜሪካ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ ሁሉ ቁጥር ነው ማለት አይቻልም፤ የኢትዮጵያማ ጨርሶ አይደለም። ጥናቱን እያነሡ እንዲህ የሚሉ የማሳተፍ ደጋፊዎች ካሉ ጸሐፊው ሊያርሟቸው ይገባል፤ እኔም አብሬ አርማለሁ። ሆኖም በዕጣ ለመምረጥ አስቀድሞ የሰዎች ዝርዝር ያስፈልጋል፤ የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎችን በዝርዝር የያዘ መዝገብ ደግሞ በየትኛውም ቦታ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። አማራጩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የያዘ፣ ነገር ግን የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚ ሊመልስለት የማይችል የስልክ ጥናት ነበር። ስለ አንድ ሕዝብ የሚናገር ጉድለት ያለበት ናሙናና ያን ሕዝብ ጨርሶ ያላየ ትልቅ ናሙና ሲነጻጸሩ፣ የመጀመሪያው ወሰኑ ተገልጾ ጥቅም ላይ ይውላል፤ ሁለተኛው ስለዚያ ሕዝብ የሚለው ነገር የለውም።

ጽሑፉ ያላነሣው ነገር ደግሞ አለ። ከዳሰሳው በኋላ ማዕከሉ ከማኅበረሰቡ ጋር ሆኖ ወደ ውፍረቱ ችግር ተመለሰ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 የሆኑ 104 የምልክት ቋንቋ ተጠቃሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን በምልክት ቋንቋ የሚሰጠውን የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ትምህርት ወዲያው ጀመረ፣ ሌላው ቆይቶ እንዲጀምር ተደረገ። ከ6 ወር በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 61.6 በመቶው የክብደታቸውን 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቀንሰው ነበር፤ ገና ካልጀመሩት ውስጥ ግን 18.1 በመቶው ብቻ። በዕጣ መመደብ፣ ማነጻጸሪያ ቡድን፣ የሚለካ ውጤት፤ ጸሐፊው ሳይንስ የሚሉት ሁሉ እዚህ ላይ ተሟልቷል፣ ማኅበረሰቡም በመካከሉ አለ።

የቀረው የአቅም ጥያቄ ነው። አስቀድሞ መስማት አለመቻልን መከላከል ይቀድማል መባሉ ትክክለኛ ምርጫ አይደለም፤ የማጅራት ገትር ክትባትና የጆሮ ኢንፌክሽን ሕክምና ነገ ለሚወለዱት ያስፈልጋሉ፣ ዛሬ ያሉት ሰዎች ግፊትና ስኳር ግን ዛሬ መለካት አለበት። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 4 ንዑስ 3 ላይ፣ አካል ጉዳተኞችን የሚመለከቱ ውሳኔዎች ሲወሰኑ ከእነርሱ ጋር በቅርብ እንዲመከርና በንቃት እንዲሳተፉ ያዛል፤ ይህ ድሆች አገሮችን ለይቶ አይተዋቸውም። በአህጉራችንም ምሳሌ አለ። በኬፕ ታውን ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ከከተማዋ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ድርጅት ጋር ሆነው፣ ታካሚውና የፋርማሲ ባለሙያው ቀድመው በተቀረጹ የምልክት ቋንቋ ቪዲዮዎች የሚግባቡበት የስልክ መተግበሪያ ሠርተዋል። የሐኪምና የታካሚ ንግግር መያዣ የሌለው ሰፊ በመሆኑ ሥራውን ወደ ፋርማሲ ማጥበባቸው በአነስተኛ አቅም የሚሠራ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ብልሃት ነው።

እኛ ዘንድም ከባዶ የምንጀምር አይደለንም። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ከ50 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል። የ2016ቱ እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መጠይቆች ወደ አማርኛ፣ ወደ ኦሮምኛና ወደ ትግርኛ ተተርጉመው ነበር፤ ወደ ምልክት ቋንቋ አልተተረጎሙም። ጠያቂዋ በር አንኳኩታ መስማት የተሳናት ሴት ብትወጣላት የምትጠይቅበት መንገድ አልነበራትም። ሆኖም በዚያ ዳሰሳ መልሶች የተመዘገቡት በታብሌት ኮምፒውተር ላይ ነው። ያ ታብሌት ቪዲዮ ያጫውታል። ከመላው መጠይቅ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የእናቶችን ጤና የሚመለከተውን ብቻ፣ ከማኅበሩ በተውጣጣ ኮሚቴ አስተርጉሞና ፈትኖ በምልክት ቋንቋ ቀርጾ በታብሌቱ ውስጥ ማኖር ቢታሰብ፣ ወጪው የጥቂት ሰዎች የጥቂት ወራት ሥራ ነው። ጸሐፊው ቅንጦት ያሉት ይህን ከሆነ፣ ከአገሪቱ ዳሰሳ በጀት ጋር አነጻጽረው ቁጥሩን እንዲያቀርቡልን እጠይቃቸዋለሁ።